ደጋግሞ ሰክሮ የነዳ ሹፌር ሰው ሲገድል፦ «ሁለት ዓመት» ነው ወይስ «ዕድሜ ልክ»?

ከጅማ የመጣ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። «ወንድሜ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ማታ ፈረንጅ አራዳ ሰው አድርሶ ሲመለስ አይሱዙ ገጭቶት ሞተ። ሹፌሩ ቀኑን ሲቅም ውሎ ማታ ጨብሲ ላይ እንደነበር አብረውት የነበሩት ራሳቸው ያወራሉ። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ሰክሮ ሲነዳ ተይዞ፣ ተቀጥቶ ተለቋል። ፖሊስ "በቸልተኝነት መግደል ነው" አለን። ሰፈር ውስጥ "ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው፣ በአመክሮ ይወጣል" ይሉናል። ሦስት ጊዜ ሰክሮ የነዳ ሰው እንዴት ነፍሰ ገዳይ አይባልም? ውጭ አገር ዕድሜ ልክ ይፈረድበት የለም ወይ? ሽማግሌዎች ጉማ (የደም ካሳ እርቅ) ይዘው መጥተው ፈርሙ እያሉን ነው። ከፈረምን ይፈታል? እኔ እህቱ ነኝ፣ ካሳ መጠየቅስ እችላለሁ?»

እህቴ፣ የሰፈሩ «ሁለት ዓመት» ልክ አይደለም። ያንቺ «ዕድሜ ልክ» ደግሞ በእኛ ሕግ አይመጣም። ፍርዱ በእነዚህ ሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ያርፋል፣ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ደግሞ አሁን፣ በምርመራው ሰዓት መዝገቡ ውስጥ የሚገባው ወረቀት ነው። ችሎት ላይ የሚፈስ እንባ ብዙ አይለውጥም።

መጀመሪያ «ቸልተኝነት» መባሉ አያስደንግጥሽ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት መግደልን በሦስት ደረጃ ነው የከፈለው። አንደኛው ተራው ነው፣ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ። ሁለተኛው እንደ ሐኪምና እንደ ሹፌር የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ላለበት ሰው ሲሆን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ከመቀጮ ጋር። ሰፈርተኛው «ሁለት ዓመት» የሚለው ከዚህ ነው፣ አብዛኛው የመኪና አደጋ እዚህ ስለሚወድቅ። ሦስተኛው ግን ሌላ ዓለም ነው። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ። እዚያ የሚገባው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው የገደለ፣ ወይም በግልጽ የተቀመጠን ደንብ ሆን ብሎ የጣሰ፣ ወይም በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን ኃላፊነት ሊሰማው በማይችልበት ሁኔታ ውስጥ የከተተ ሰው ነው። ስለዚህ ፖሊስ «ቸልተኝነት ነው» ሲልሽ መልሰሽ የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፦ ንዑስ አንቀጽ ሁለት ወይስ ሦስት? የወንድምሽ ጉዳይ ያለው እዚች ቁጥር ላይ ነው።

ለምን በአንቀጽ 540፣ ማለትም ሆን ብሎ በመግደል አይከሰስም? ሕጉ ራሱ መንገዱን ስለዘጋው ነው ማለት ይቻላል። አንቀጽ 50 እንዲህ ዓይነቱን ሰው ያውቀዋል። በገዛ ጥፋቱ ጠጥቶ ራሱን ያሳተ፣ እንደዚያ ሆኖ ወንጀል ሊፈጽም እንደሚችል ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት ሰው በቸልተኝነት ድንጋጌዎች ይጠየቃል። ስካሩ አያድነውም፣ «ሰክሬ ነበር፣ አላወቅኩም» ማለት አያስመልጠውም፣ ግን መንገዱ የቸልተኝነት መንገድ ነው። ከዚህ ወጥቶ ሆን ብሎ ነው ለማለት በአንቀጽ 58 መሠረት ሰው ሊሞት እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ውጤቱን ተቀብሎ እንደነዳ ማሳየት ያስፈልጋል። ይሄ በወረቀት ላይ ይቻላል። በተግባር ግን ሰክሮ የነዳ ሰው ሁሉ «በሰላም እገባለሁ» ብሎ ነው የተነሳው፣ ራሱንም ቢሆን መግደል አልፈለገም፣ ተከላካይ ጠበቃውም ይህንኑ ነው የሚያነሳው። ዐቃቤ ሕጉ 540ን ይዞ ቢገባና ባያስረዳ፣ ፍርድ ቤቱ አንቀጹን ለውጦ በ543 ሊያስከላክለው ይችላል፣ በዚያ መሐል ግን መዝገቡ ወሮችን ይበላል፣ ምስክሮችም ይበተናሉ። እኔ በዚህ ላይ ጉልበት አታባክኚ ነው የምለው።

ውጭ አገር ያልሽው ከፊሉ እውነት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1981 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ወዲህ፣ ዋትሰን ከሚባለው የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ፣ ሰክሮ ነድቶ ሰው የገደለ በሁለተኛ ደረጃ ነፍሰ ገዳይነት ሊከሰስ ይችላል። ቅጣቱም ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ነው። እዚያ ግን ይህ የሚሠራው የመጀመሪያው ጥፋት ጊዜ አስቀድሞ በተሠራ ሥራ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ ሰክሮ ሲነዳ ተይዞ ሲፈረድበት «ሰክሮ መንዳት ሰው ይገድላል፣ ደግመህ ነድተህ ሰው ከገደልክ በነፍስ ግድያ ልትከሰስ ትችላለህ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይነገረዋል፣ በብዙ ቦታም ያስፈርሙታል። ሲደግም «አላወቅኩም» የሚልበት አፍ የለውም። እንግሊዝም በ2022 (ይህም በፈረንጆች) ሰክሮ በግዴለሽነት ነድቶ ለገደለ የነበረውን የ14 ዓመት ጣሪያ ወደ ዕድሜ ልክ አሳድጋለች። ወንጀሉ ግን እዚያም ነፍስ ግድያ አይባልም፣ ከፍ ያለው የቅጣቱ ጣሪያ ነው። የእኛ ሕግ 15 ዓመት ላይ ቆሟል። ይነስ ይብዛ ብለን ልንከራከር እንችላለን፣ ያንቺን ጉዳይ የሚዳኘው ግን ዛሬ ያለው ሕግ ነው።

አሁን ወደ ድግግሞሹ ልምጣ። ብዙ ሰው ሁለቱ የቀድሞ ቅጣቶች በራሳቸው ፍርዱን እጥፍ የሚያደርጉት ይመስለዋል። አያደርጉትም። ሕጉ አንቀጽ 67 ላይ «ደጋጋሚ» የሚለው ቀደም ሲል የእስራት ቅጣት የፈጸመን ወይም በይቅርታ የቀረለትን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ አዲስ ወንጀል ሆን ብሎ የፈጸመን ሰው ነው። የትራፊክ መቀጮ ከፍሎ የሄደ ሹፌር፣ ያውም አሁን የተከሰሰው በቸልተኝነት ሆኖ፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ዐቃቤ ሕጉ በዚህ ቢሄድ ጠበቃው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈርሰዋል።

ይህ ማለት ግን ሁለቱ ቅጣቶች ዋጋ የላቸውም ማለት አይደለም። በሁለት ቦታ ይገባሉ፣ ሁለቱንም ያዢ። የመጀመሪያው ጥፋተኝነቱ ላይ ነው። ተከላካዮች በ543(3) ላይ የሚያነሱት የተለመደ መከራከሪያ «ደንበኛዬ ጠጥቷል፣ ግን ራሱን የሳተ አልነበረም» የሚል ነው። ይሄ አንዳንዴ ይሠራላቸዋል። ያን ጊዜ ሁለተኛው በር ይከፈታል፣ ደንብን ሆን ብሎ መጣስ የሚለው። ሰክሮ ማሽከርከር የተከለከለ መሆኑን ሁለት ጊዜ ተይዞ፣ ሁለት ጊዜ ተነግሮት፣ ሁለት ጊዜ ከፍሎ የሄደ ሰው ደንቡን አላወቅኩም ሊል አይችልም። እዚህ ላይ የድሮው የቅጣት ደረሰኝ ከአሥር ምስክር ይበልጣል። ሁለተኛው ቦታ ቅጣቱ ላይ ነው። አንቀጽ 84(1)(ሐ) የቀድሞ ታሪኩንና ልማዱን አይቶ በተለይ አደገኛ የሆነን ሰው ቅጣት እንዲያከብድ ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን ይሰጠዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። የዚያች ሌሊት ስካር 543(3)ን ካቋቋመ፣ ያው ስካር እንደገና ማክበጃ አይሆንም። የቀድሞ ታሪኩ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ ስካሩን ለአንቀጹ፣ ታሪኩን ለማክበጃው ለይቶ ቢያቀርብ ይሻላል።

በነገራችን ላይ እኔን በዚህ ዓይነት መዝገብ የሚያናድደኝ የመጨረሻው ፍርድ አይደለም። ሰውዬው መጀመሪያ ሰክሮ ሲያዝ መቀጮውን ከፍሎ፣ መንጃ ፈቃዱን ኪሱ ከትቶ፣ በማግስቱ የዚያኑ መኪና መሪ መያዙ፣ ሁለተኛም ሲያዝ ያው መሆኑ፣ ሦስተኛው ላይ ሰው ሲሞት ግን ሁላችንም «ዕድሜ ልክ» ብለን መጮሃችን ነው። መንጃ ፈቃድ የማገድና የመሰረዝ ሥልጣን በሕግ አለ። ያላየሁት የሚሠራበትን ሰው ነው።

የስካሩ ማስረጃ። በ2003 በወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 የተቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮል ነበር። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው በግምት ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም ብቻ ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ 1.2 የነበረ ሰው ከስድስት ሰዓት በኋላ ቢመረመር ወደ 0.3 ወርዶ ይገኛል፣ «ንጹሕ ነው» ተብሎም ይጻፍለታል። ሸሽቶ ጠዋት እጁን የሚሰጥ ሹፌር ሁሉ ደንግጦ ብቻ አይደለም የሚሸሸው። ምርመራው በስንት ሰዓት እንደተደረገ የግድ እወቂ። ከዘገየ ዐቃቤ ሕጉ ባለሙያ ጠርቶ ወደ ኋላ እንዲያሰላለት መጠየቅ ይችላል። ምርመራ ጭራሽ ካልተደረገ ደግሞ ምስክር ነው የሚቀረው። የት እንደጠጣ፣ ስንት ሰዓት እንደተነሳ፣ ሲነሳ እንዴት ይራመድ እንደነበር፣ አደጋው ቦታ ላይ መጀመሪያ የደረሰው ትራፊክ ፖሊስ ምን እንደጻፈ፣ ፖሊስ ባነሳው የአደጋው ንድፍ (ፕላን) ላይ የፍሬን ምልክት መኖር አለመኖሩ። «አብረውት የነበሩት ያወራሉ» ብለሻል። ወሬ ማስረጃ አይሆንም። ስማቸውን ለመርማሪው ስጪ፣ ቃላቸው ዛሬ ይመዝገብ። ከወር በኋላ ጓደኛማቾች ሁሉ «አላየሁም» ይላሉ።

ጫቱን በተመለከተ፣ ጅማ ስለሆነ ማንም «ቅሞ ነበር» ሲባል አይደነቅም፣ ጠበቃውም «ምርቃና ላይ ስለነበር እንዲያውም ነቅቶ ነበር» ሊል ይችላል። ይሄ ከንቱ ነው። ጫት ያነቃቃል እንጂ አልኮልን ከደም አያወጣም። የቃመ ሰው ድካሙ ስለማይታወቀው የጠጣውን ያህል የሰከረ አይመስለውም፣ ስለዚህ የበለጠ ይጠጣል፣ የበለጠም ይደፍራል። ቡናም እንደዚያው ነው፣ የጅማ ቡናም ቢሆን። ለክሱ ግን ዋናውን ክብደት መጠጡ ላይ አድርጉ። ጫት በእኛ አገር በራሱ የተከለከለ ዕፅ ስላልሆነ 543(3) ላይ በጫት ብቻ መንጠልጠል ክርክሩን ያላላዋል።

ፍርዱ ስንት ይሆናል? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያወጣው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 በእርከን ነው የሚሠራው። ማክበጃ ሲኖር እርከኑ ይወጣል፣ ማቅለያ ሲኖር ይወርዳል። ሹፌሩ ጥፋቱን ካመነ፣ ከተጸጸተ፣ ካሳ ከከፈለ፣ ተጎጂውን ሐኪም ቤት ከወሰደ፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ ካለ፣ ብዙ ማቅለያ ይደረደርለታል፣ እርከኑም ቁልቁል ይሄዳል። በዚያ ላይ አንቀጽ 202 ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩን ያሳመረ ታራሚ በአመክሮ እንዲወጣ ይፈቅዳል። አሥር ዓመት ቢፈረድበት ስድስት ዓመት ከስምንት ወር፣ አምስት ቢፈረድበት ሦስት ዓመት ከአራት ወር ማለት ነው። በ543(2) ከሆነ ግን ቅጣቱ ጭራሽ በገደብ ሲታገድ ማየትም እንግዳ ነገር አይደለም። ሰፈርተኛው እንዲሁ አላወራም፣ ያየውን ነው የሚያወራው። ዋስትናም እንደዚሁ ነው። በንዑስ ሁለት የተለመደ ነው፣ በንዑስ ሦስት ግን ጣሪያው 15 ዓመት ስለሚደርስና ሰው ስለሞተ ዐቃቤ ሕጉ ሊቃወም የሚችልበት ጠንካራ መሠረት አለው።

ሽማግሌዎቹ። ጉማ መቀበል ነውር አይደለም፣ አለመቀበልም እንደዚያው። በቤተሰቦቹ መካከል ቂም እንዳይቀር፣ ያንቺ የወንድም ልጆችም ነገ በሰላም እንዲያድጉ ከፍርድ ቤት የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን ሰው የሞተበት ወንጀል በግል አቤቱታ የሚከፈት፣ በእርቅ የሚዘጋ አይደለም። ብትፈርሙም ክሱ ይቀጥላል፣ «ፈርሙና ይፈታል» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያታለላችሁ ነው። የእርቁ ወረቀት የሚሠራው ማቅለያ ሆኖ ነው፣ ጸጸቱንና ካሳ መክፈሉን ያሳያል። ይህን ፍርድ ቤቱ ቢቆጥርለት እኔ አልቃወምም። አደጋው ያለው በወረቀቱ ቃላት ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ዓረፍተ ነገር ካየሽ እስክሪብቶውን አስቀምጪ። አንዱ «አደጋው የደረሰው በሟች ጥፋት ነው» ወይም «ሹፌሩ አልሰከረም» የሚል ነው። ሌላው «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለንም» የሚል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተፈረመ ግልግል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው የሚቆጠረው፣ በኋላ «ሐዘን ላይ ሆነን ነው የፈረምነው» ማለት በጣም ይከብዳል። የምትቀበሉት ገንዘብ ካለ ወረቀቱ ላይ መጠኑ፣ የካሳው ከፊል ክፍያ መሆኑና ቀሪው መብት እንደተጠበቀ መሆኑ ይጻፍ። ሽማግሌዎቹ ቅን ከሆኑ ይህን አይጠሉትም።

ካሳ። አንቺ እህት በመሆንሽ መጠየቅ አትችዪም፣ አዝናለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2095 በሞት ጊዜ የጥገና ካሳ የሚሰጠው ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጆችና ለልጆች ነው። ጠያቂዎቹ ሚስቱ፣ ልጆቹና በሕይወት ካሉ እናትና አባታችሁ ናቸው። የሚጠየቀውም ሹፌሩ ብቻ አይደለም። የአይሱዙው ባለቤት ሌላ ሰው ከሆነ በቁጥር 2081 ያለ ጥፋቱም ኃላፊ ነው። «እኔ ጠጣ አላልኩትም» ቢል አይጠቅመውም፣ መኪናው ተሰርቆበት ካልሆነ በቀር። ብዙ ቤተሰብ እስር ቤት ካለው ድሃ ሹፌር ጋር ሲታገል ገንዘቡ ያለበትን ባለንብረት ይረሳል። የሦስተኛ ወገን መድንም አለ፣ በ2005 በወጣው አዋጅ 799 ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር የተቀመጠው። መድን ድርጅቱ ሄዳችሁ ዛሬ የሚሠራበትን መጠን ጠይቁ፣ እሱን መቀበል ከዚያ በላይ ያለውን ከባለንብረቱ ከመጠየቅ አያግዳችሁም። የሕሊና ጉዳት ካሳ የሚባለውን ግን ተስፋ አታድርጉበት። የ1952ቱ ሕግ ጣሪያውን 1,000 ብር ላይ አስቀምጦት አለ። አዎ፣ አንድ ሺህ።

ካሳውን በወንጀሉ ችሎት ላይ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 አጣምሮ መጠየቅ ይቻላል። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ አልመክርም፣ ባለንብረትና መድን ሲገባበት ክርክሩ ይወሳሰብና ዳኛው ለየብቻ አቅርቡ ይላችኋል። በፍትሐ ብሔር ለብቻው ክፈቱ። ጊዜውን ግን ቁጠሩ፣ መደበኛው ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ሁለት ዓመት ነው። ወንጀሉ ረጅም ይርጋ ካለው እሱ የሚሠራበት ሁኔታ አለ፣ ቢሆንም በዚያ ላይ ተማምኖ መቀመጥ ቁማር ነው።

በዚህ ሳምንት ምን ታደርጊያለሽ? የሟች ሚስት በስሟ ለዐቃቤ ሕጉ አጭር ማመልከቻ ታስገባ፣ አንቺ አግዣት። ሦስት ነገር ብቻ ይኑርበት። ክሱ በ543(3) እንዲመሠረት፣ የሹፌሩ የቀድሞ ሁለት ቅጣቶች ከትራፊክ ፖሊስና መንጃ ፈቃዱን ከሰጠው ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ተጠይቀው ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዙ፣ አብረውት የጠጡት ሰዎች በምስክርነት እንዲቆጠሩ። ገቢ ያደረገችበትን ቁጥር ትያዝ። የፍርድ ቤቱ ሥራ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ክሱ ሲደርስ ሙሉውን የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። ንዑስ ቁጥሩን ራሳችሁ እዩት፣ «ቀላል ነው፣ ተከሷል» በሚል መልስ አትመለሱ።

ፍርዱ ተሰጥቶ ቅጣቱ አነስተኛ ከመሰላችሁ ይግባኝ የሚለው ዐቃቤ ሕጉ እንጂ ቤተሰቡ አይደለም። የይግባኝ ማስታወቂያው ከፍርዱ በ15 ቀን ውስጥ መግባት ስላለበት፣ ቅጣቱ በተነበበ ማግስት ቢሮው ሄዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁት።